የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በአንድ ታካሚ ላይ ሲገኙ፦ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ የተቀናጀ ክትትል

መግቢያ

በአንድ ጤና ጣቢያ ክትትል የሚያደርጉ የ54 ዓመት እናትን እንውሰድ። ታሪካቸው በየጤና ጣቢያው በየዕለቱ ከሚታዩ ታካሚዎች ታሪክ ተውጣጥቶ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ይተዳደራሉ። ማክሰኞ ለስኳር በሽታ፣ ሐሙስ ደግሞ ለደም ግፊት ክትትል ይመጣሉ። በስኳሩ ቀን የደም ስኳራቸው ተለክቶ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይታዘዝላቸዋል፤ ግፊታቸው ግን የሐሙስ ሥራ ነው ተብሎ ይታለፋል። በግፊቱ ቀን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ. ይሰጣቸዋል። ባለፉት ሦስት ቀጠሮዎች ግፊታቸው 158/94፣ 152/92 እና 156/96 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሦስቱም ቁጥሮች ጎን «መድኃኒቱ ይቀጥል» የሚል ተጽፏል። ሽንታቸው ከተመረመረ ሁለት ዓመት አልፏል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ይወስዳሉ፤ ይህን ግን የጠየቃቸው የለም።

እያንዳንዱ ባለሙያ የተሰጠውን ድርሻ ተወጥቷል። ሆኖም ታካሚዋን በሙሉ ያየ ሰው አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሲገኙ እንደ አንድ ችግር መታየት ያለባቸው ለምን እንደሆነ ማስረዳትና፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ባለው አቅም ምን ማድረግ እንደሚቻል ማሳየት ነው። ጽሑፉ የሚመለከተው ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ያለባቸውን አዋቂዎች ነው። ነፍሰ ጡር እናቶችና ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለባቸው ታካሚዎች የተለየ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ሁለቱ በሽታዎች ለምን ተያይዘው ይገኛሉ?

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች ቅኝት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። የስኳር በሽታ ባለባቸው ታካሚዎች ዘንድ ደግሞ ከፍተኛ ግፊት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በእጅጉ ይበዛል።

ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። በሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ቆሽትም ጉድለቱን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል። በደም ውስጥ የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ሲያደርግ ግፊት ይጨምራል። በጊዜ ብዛትም የደም ሥሮች ግድግዳ እየደደረ ይሄዳል።

ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በኩላሊት ላይ ነው። በጤናማ ሰው ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባው ትንሽ የደም ሥር ግፊት ሲጨምር ይጠባል፤ በዚህም ማጣሪያውን ከጉዳት ይጠብቃል። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ይህ መግቢያ ሥር ሰፍቶ ይቀራል። በዚህን ጊዜ በክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ያለ ከልካይ ማጣሪያው ላይ ያርፋል። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት መፍሰስ ይጀምራል፤ ማጣሪያዎቹም አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ 150/90 የሆነ ግፊት የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስኳር በሌለበት ሰው ላይ ከሚያደርሰው ይከፋል። በዓይን ሬቲና፣ በልብና በአንጎል የደም ሥሮች ላይም ሁለቱ በሽታዎች እንዲሁ ይተጋገዛሉ።

ግፊትን መቀነስ ምን ያተርፋል?

በርካታ ባለሙያዎችና ታካሚዎች የስኳር በሽታ ሕክምና ማለት የደም ስኳርን ማስተካከል ብቻ ነው ብለው ያስባሉ። በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ታላቅ የስኳር በሽታ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ለውጦታል። በጥናቱ አንድ ክፍል ሁለቱም በሽታዎች ያሉባቸው 1,148 ታካሚዎች ለ8.4 ዓመታት ያህል ተከታትለዋል። ጠበቅ ያለ የግፊት ቁጥጥር የተደረገላቸው ታካሚዎች አማካይ ግፊት 144/82 ሲሆን፣ የሌሎቹ 154/87 ነበር። በዚህ ልዩነት ብቻ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ሞት በ32 በመቶ፣ ስትሮክ በ44 በመቶ፣ በዓይንና በኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርስ ጉዳት በ37 በመቶ ቀንሷል። ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዙ ችግሮች በጥቅሉ በ24 በመቶ ሲቀንሱ፣ በዚያው ጥናት የደም ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ያስገኘው ተመሳሳይ ቅነሳ 12 በመቶ ነበር። ይህ ማለት ስኳሩ ይተው ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ጥቅም ይደመራል። ነገር ግን ግፊቱን ሳይለኩ ስኳሩን ብቻ ማከም ከሕክምናው ትልቁን ድርሻ መተው ነው።

ከዚሁ ጥናት ሌላ ትምህርትም ተገኝቷል። ጥናቱ ካበቃ በኋላ ታካሚዎቹ ወደ መደበኛ ክትትላቸው ሲመለሱ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የግፊት ልዩነት በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የቀጣይ ክትትል ውጤት እንዳሳየው፣ ከግፊት ቁጥጥር የተገኘው ጥቅምም አብሮ ጠፍቷል። በአንጻሩ ቀድሞ የተደረገ የስኳር ቁጥጥር ጥቅም ለዓመታት ዘልቋል። ስለሆነም የግፊት መድኃኒት ጥቅም የሚቆየው መድኃኒቱ እስከተወሰደ ድረስ ብቻ ነው። በመድኃኒት እጥረት፣ በቀጠሮ መርሳት ወይም «ተሽሎኛል» በማለት የሚቋረጥ ሕክምና ቀድሞ የተደከመበትን ሁሉ ያስቀራል።

ግፊትን በትክክል መለካት

ውሳኔው ሁሉ የሚመሠረተው በልኬቱ ላይ በመሆኑ ልኬቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ታካሚው በ30 ደቂቃ ውስጥ ቡና ያልጠጣ፣ ሲጋራ ያላጨሰና ሽንቱን የሸና ሊሆን ይገባል። ከረጅም መንገድ በእግሩ የመጣ ታካሚ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ሳይናገር ይረፍ። ክንዱ በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በልብ ትክክል ይሁን። መለኪያው በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ እጅጌው ተሰብስቦ ክንዱን አጥብቆ ከያዘም ይውለቅ።

የካፉ መጠን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። በካፉ ውስጥ ያለው የሚነፋው ክፍል የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መክበብ አለበት። ለወፍራም ክንድ ትንሽ ካፍ መጠቀም ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። በመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ክንዶች ይለካ፤ ልዩነት ካለ ከፍ ያለው ክንድ ለወደፊት ያገልግል። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መመዝገብ ይገባል። ቁጥሩን ወደ ዜሮ ማጠጋጋት፣ ማለትም ሁሉንም ታካሚ 140/90 ወይም 130/80 ብሎ መመዝገብ፣ መድኃኒት የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን እንዳንለይ ያደርጋል።

የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ አንድ ተጨማሪ ልኬት ያስፈልጋል። በሽታው የደም ሥሮችን የሚቆጣጠሩ ነርቮችን ስለሚጎዳ፣ አንዳንድ ታካሚዎች ከተቀመጡበት ሲነሱ ግፊታቸው በድንገት ይወርዳል። ታካሚው ከቆመ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ መድኃኒት ሲጨመር ቀስ ብሎ ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያው ሙሉ ምርመራ

የስኳር በሽታ ያለበት ሁሉ በመጣ ቁጥር ግፊቱ ይለካል፤ ግፊት ያለበት አዋቂም ሁሉ የደም ስኳሩ ይመረመራል። ሳይበሉ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚ.ግ. በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ምልክት በሌለው ሰው ላይ ምርመራው በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። የደም ግፊት በሽታም በሁለት የተለያዩ ቀናት 140/90ና ከዚያ በላይ ሲገኝ ይረጋገጣል። ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ከሆነና የአካል ጉዳት ምልክት ካለ ግን ሁለተኛ ቀን አይጠበቅም።

ሁለቱም በሽታዎች ሲገኙ የሚከተሉት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይከናወኑ፦

1. የሽንት ፕሮቲን ምርመራ። የሽንት ስትሪፕ ጥቂት አልቡሚንን ላያሳይ ይችላል፤ ውጤቱ ነጋቲቭ ቢሆንም በየዓመቱ ይደገም።
2. ክሪያቲኒንና ከእርሱ የሚሰላ የኩላሊት የማጣራት አቅም። ክሪያቲኒኑ ብቻውን ሲታይ ደህና የሚመስል፣ በተለይ ክብደታቸው አነስተኛ በሆነና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ፣ የተጎዳ ኩላሊትን ሊደብቅ ይችላል።
3. የእግር ምርመራ። ጫማና ካልሲ ወልቆ፣ በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ፣ የደም ሥር ምትና የስሜት መኖር ይታይ። 10 ግራም ሞኖፊላመንት ከሌለ የእግር ጣቶችን ጫፍ በጣት በቀስታ ነክቶ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።
4. የዓይን ምርመራ። ማየት የሚችል ታካሚ ሁሉ ሬቲናው ደህና ነው ማለት ስላልሆነ፣ ሳይታመም ወደ ዓይን ክሊኒክ ይላክ።
5. ክብደት፣ የወገብ ዙሪያ፣ የማጨስ፣ የአልኮልና የጫት ልማድ።

የሕክምናው ግብ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የደም ግፊት መድኃኒት መመሪያ መሠረት፣ ግፊቱ 140/90ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ መድኃኒት ይጀምራል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን የላይኛው ቁጥር ከ130 እስከ 139 ሲሆንም መድኃኒት እንዲጀምር፣ ግቡም ከ130 በታች እንዲሆን ይመከራል።

ከዚህ በታች መውረድ ይጠቅም እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው አኮርድ የተባለ ጥናት ከ120 በታች ማውረድ ስትሮክን ቢቀንስም በጥቅሉ ጉልህ ጥቅም እንዳላስገኘና የመድኃኒት ጉዳትን እንደጨመረ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውና በቻይና ከ12,000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተው ጥናት ደግሞ ከ120 በታች ያነጣጠረ ሕክምና ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ21 በመቶ እንደቀነሰ ዘግቧል። ይሁንና ይህ ክርክር በ156 ላይ ቆሞ መድኃኒቱ ያልተለወጠለትን ታካሚ አይመለከትም። ለጤና ጣቢያ ሥራ ከ130/80 በታች የሚለው ግብ በቂና ግልጽ ነው። ሲነሱ የሚያዞራቸውና አቅማቸው የደከመ አረጋውያን ግብ ላላ ሊል ይችላል።

ለደም ስኳር፣ ሳይበሉ ከ80 እስከ 130 ሚ.ግ. በዴሲ ሊትር ወይም ሄሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲ ከ7 በመቶ በታች ለአብዛኛው አዋቂ ተገቢ ነው። የስኳር ማነስ በተደጋጋሚ ለሚያጋጥማቸውና ለአረጋውያን ከ8 በመቶ በታች ይበቃል።

የመድኃኒት አመራረጥ

ለግፊት፦ ሦስቱ መሠረታዊ ቡድኖች እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የኤሲኢ ገቺዎች ወይም እንደ ሎሳርታን ያሉ የአንጂኦቴንሲን ከልካዮች፣ እንደ አምሎዲፒን ያሉ ረጅም ጊዜ የሚሠሩ የካልሲየም ከልካዮች፣ እንዲሁም እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ናቸው።

በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ካለ ኢናላፕሪል ቅድሚያ ይሰጠዋል። ምክንያቱም ከኩላሊት ማጣሪያው የሚወጣውን ደም ሥር በማስፋት፣ ከላይ እንደተገለጸው በማጣሪያው ላይ ያረፈውን ጫና ያቃልላል። በ5 ሚ.ግ. ተጀምሮ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ 10ና 20 ሚ.ግ. ያድጋል። ከተጀመረ ወይም ከጨመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ይለካ። ክሪያቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ደረቅ ሳል ካስቸገረ በሎሳርታን ይተካል፤ ከንፈርና ፊት ካበጠ ግን ኢናላፕሪል ወዲያውኑ ይቆማል፤ ዳግመኛም አይሰጥም። የኤሲኢ ገቺንና የአንጂኦቴንሲን ከልካይን አንድ ላይ መስጠት ጥቅም እንደሌለውና ኩላሊትን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ኦንታርጌት ጥናት አረጋግጧል። ሁለቱም በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይሰጡም፤ ስለዚህ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለችን ሴት ስለ እርግዝናና ስለ መከላከያ መጠየቅ የግድ ነው።

በአብዛኛው አንድ መድኃኒት አይበቃም። ከላይ በተጠቀሰው የብሪታንያ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች ግባቸውን ለመጠበቅ ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አስፈልጓቸዋል። ግፊቱ ከግቡ በ20/10 ከበለጠ ከመጀመሪያው በሁለት መድኃኒት መጀመር ይቻላል። የትኞቹን ማጣመር እንደሚሻል ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ክሪኦል የተባለ ጥናት ይረዳል። በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደው ይህ ጥናት አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች፣ ከሚያሸን መድኃኒት ጋርም ሆነ ከኤሲኢ ገቺ ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት ይልቅ ግፊትን በተሻለ ሁኔታ እንዳወረዱ አሳይቷል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ላለበት ታካሚ ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን ጥሩ መነሻ ሲሆኑ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሦስተኛ ሆኖ ይጨመራል።

እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የቤታ ከልካዮች የልብ ሕመም ከሌለ የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። የደም ስኳር ሲያንስ የሚሰማውን የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ይሸፍናሉ፤ ላብ ግን አይሸፈንም። ይህን ለታካሚው ማስረዳት ያስፈልጋል። ፈጥኖ የሚሠራ ኒፊዲፒንን ከምላስ ሥር በማድረግ ግፊትን በድንገት ማውረድ ስትሮክና የልብ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሊቀር ይገባል።

ለስኳር፦ ሜትፎርሚን የመጀመሪያ ምርጫ ነው። የሆድ መረበሽን ለመቀነስ በ500 ሚ.ግ. ከምግብ ጋር ተጀምሮ በየሳምንቱ እያደገ በቀን እስከ 2,000 ሚ.ግ. ይደርሳል። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ45 በታች ሲሆን መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ግሊቤንክላማይድ ኩላሊታቸው በተጎዳና በአረጋውያን ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ የስኳር ማነስ ስለሚያስከትል በጥንቃቄ ይሰጥ። እነዚህ ካልበቁ ኢንሱሊን መጀመር እንደ ቅጣት ወይም እንደ መጨረሻ ደረጃ ምልክት ሆኖ ለታካሚው መቅረብ የለበትም። ልብንና ኩላሊትን የሚጠብቁት እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ በሚገኙበት ቦታ የሽንት ፕሮቲን ወይም የልብ ድካም ላለባቸው ታካሚዎች ይታሰቡ።

ሌሎች፦ ዕድሜው 40ና ከዚያ በላይ ለሆነ የስኳር በሽተኛ ኮሌስትሮሉ ባይለካም ስታቲን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ካርድስ በተባለው ጥናት አቶርቫስታቲን 10 ሚ.ግ. ቀድሞ የልብ ሕመም ባልነበረባቸው የስኳር በሽተኞች ላይ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ37 በመቶ ቀንሷል። አስፕሪን ግን ለሁሉም አይታዘዝም፤ ቀድሞ የልብ ሕመም ወይም በደም መርጋት የመጣ ስትሮክ ላጋጠማቸው ብቻ ነው።

ሳይጠየቁ የሚቀሩ ነገሮች

ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ግፊትን ይጨምራሉ፤ የግፊት መድኃኒቶችንም ኃይል ያዳክማሉ። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸን መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ። «ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብሎ በየቀጠሮው ይጠየቅ፤ ለሕመሙም ፓራሲታሞል ይተካ።

ታካሚው በተቅማጥ ወይም በትውከት ፈሳሽ ባጣ ጊዜ ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና የሚያሸነው መድኃኒት መብላትና መጠጣት እስኪጀምር ድረስ ለጊዜው ይቆማሉ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ሁሉንም እየዋጠ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊመጣ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ኢንሱሊኑን በሙሉ አያቁም፤ ስኳሩን እያስለካ መጠኑን እንዲያስተካክል ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

ምግብ፣ ጨውና ጾም

የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ እንዲሆን ይመከራል። በአገራችን ጨው የሚገባው በወጥ ብቻ አይደለም። በበርበሬና በሚጥሚጣ፣ በአንዳንድ አካባቢም በቡና ውስጥ ይጨመራል። ስለዚህ «ጨው ቀንሱ» ከማለት ይልቅ ቤት ውስጥ ማን ምግብ እንደሚሠራና በርበሬው እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠይቆ ምክሩን በዚያ ላይ መመሥረት ይጠቅማል። እንጀራ ፈጽሞ ይቅር ማለት የማይፈጸም ምክር ነው፤ መጠኑን ቀንሶ ከጎመንና ከጥራጥሬ ጋር በብዛት መብላት ግን ይቻላል። ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ መተው ብዙ ወጪ ሳያስወጣ ለውጥ ያመጣል።

ጾም በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የታመመ ሰው ከጾም ነፃ እንደሚሆን በሁለቱም ታላላቅ ሃይማኖቶች የታወቀ ቢሆንም፣ ብዙ ታካሚዎች ለሐኪም ሳይናገሩ ይጾማሉ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ታካሚ የስኳር ማነስ ሊያጋጥመው እንደሚችል ግልጽ ነው። ውይይቱ ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን በፊት ባለው ቀጠሮ ይደረግ። መጾም ለሚወስን ታካሚ የግሊቤንክላማይድ መጠን ተቀንሶ ወደሚበላበት ሰዓት ይዛወራል፤ የስኳር ማነስ ምልክት ከተሰማው ጾሙን ወዲያው መፍታት እንዳለበትም ይነገረዋል። ጸበል ለሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በአክብሮት ማስረዳት ከመከልከል ይበልጣል።

«መድኃኒቱ ይቀጥል» ከማለት በፊት

ግፊት ከግቡ በላይ ሆኖ በተገኘ ቁጥር አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይነሡ። ልኬቱ ትክክል ነውን? ታካሚው መድኃኒቱን በእርግጥ ወስዷልን፣ ካልወሰደስ ለምን? ግፊቱን የሚጨምር ሌላ መድኃኒት ወይም ልማድ አለን? ሦስቱ መልስ ካገኙ በኋላም ግፊቱ ከፍ እንዳለ ከሆነ ምን ይጨመር? አራተኛው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ታካሚው ከክፍሉ መውጣት የለበትም። መድኃኒት የማይለወጥ ከሆነም ምክንያቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ግቡ እስኪደረስ ቀጠሮው በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይሆናል።

ወደ እኚያ እናት እንመለስ። አራቱ ጥያቄዎች ቢጠየቁ ዲክሎፌናኩ ይታወቅና በፓራሲታሞል ይተካ ነበር። ሽንታቸው ቢመረመር ፕሮቲን ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ኢናላፕሪል 5 ሚ.ግ. ተጨምሮ በሁለት ሳምንት ክሪያቲኒንና ፖታሲየም ይታያል። በወሩ ግፊቱ ከ130 በላይ ከሆነ ኢናላፕሪሉ ወደ 10 ሚ.ግ. ያድጋል፤ በሚቀጥለው ወር አሁንም ካልወረደ አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ. ይጨመራል። ሜትፎርሚኑ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ስታቲንም ይጀመራል። ይህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው። ሦስት ጊዜ «ይቀጥል» የተባለባቸው ወራት ግን ኩላሊታቸው ጫናውን የተሸከመባቸው ወራት ናቸው።

የክትትሉ አደረጃጀት

ከሁሉ በፊት ሁለቱ ቀናት አንድ ይሁኑ። አንድ ካርድ፣ አንድ ቀጠሮ፣ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ይበቃል። ለእንጀራ ሻጯ እናት በወር ሁለት የሥራ ቀን ማጣት ገቢያቸውን ይነካል፤ ከሁለቱ ቀጠሮዎች አንዱ መቅረቱም አይቀርም። ታካሚው እንደደረሰ ግፊት፣ ክብደትና የደም ስኳር በአንድ ቦታ ተለክተው በካርዱ ፊት ገጽ ላይ በሰንጠረዥ ቢመዘገቡ፣ ባለሙያው የወራቱን አካሄድ በአንድ እይታ ያያል።

ይህ ሥራ ሐኪም ብቻ የሚሠራው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች የሥር የሰደዱ በሽታዎች ክሊኒክ እየመሩ፣ ከሆስፒታል የሚመጡ ሐኪሞችም በየጊዜው እየደገፏቸው ታካሚዎች በቅርባቸው እንዲታከሙ ማድረግ ተችሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቀጠሮ የቀሩትን ቤታቸው ድረስ ሄደው ሊያስታውሱ ይችላሉ፤ ለዚህም በየወሩ የቀሩትን ሰዎች ከቀጠሮ መዝገብ አውጥቶ መስጠት ያስፈልጋል።

የመድኃኒት አቅርቦት ከሁሉ የላቀ ትኩረት ይሻል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከኪሱ ለመግዛት ይገደዳል፤ ካልቻለም ያቋርጣል። የፋርማሲ ባለሙያው የተመዘገቡትን ታካሚዎች ቁጥር አውቆ የኢናላፕሪል፣ የአምሎዲፒንና የሜትፎርሚን ፍላጎት አስቀድሞ ቢያሰላ እጥረቱን መቀነስ ይቻላል። ግፊቱና ስኳሩ ለተስተካከለ ታካሚ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠትም ምልልስን ይቀንሳል።

ወደ ሆስፒታል መላክ ያለባቸው

ግፊቱ 180/120ና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የአእምሮ መደናገር ወይም የአካል መስነፍ ያለበት ታካሚ በአስቸኳይ ይላካል። ነፍሰ ጡር እናት፣ ሦስት መድኃኒት በሙሉ መጠን እየወሰደ ግፊቱ ያልወረደ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅሙ ከ30 በታች የሆነ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ዕይታው በድንገት የቀነሰ፣ እንዲሁም ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ በሽንቱ ኪቶን የተገኘበት ሁሉ በጤና ጣቢያ ሊቆይ አይገባም። ከሆስፒታል ሲመለሱም የተለወጠው መድኃኒት በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ መመዝገቡ ይረጋገጥ።

ማጠቃለያ

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ አንድ ላይ ሲገኙ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሳል፤ ሕክምናቸውም አንድ ላይ ሲሆን ጥቅሙ ይጨምራል። የሚያስፈልጉት መድኃኒቶች ጥቂትና በአብዛኛው ረጅም ጊዜ የተፈተኑ ናቸው። የደም ግፊት መለኪያ፣ የሽንት ስትሪፕና የስኳር መለኪያ ያለው ጤና ጣቢያ ከሥራው አብዛኛውን ሊያከናውን ይችላል። የኩላሊት እጥበት በጥቂት ከተሞች ብቻ በሚገኝበትና ዋጋው ከአብዛኛው ሕዝብ አቅም በላይ በሆነበት አገር፣ ኩላሊትን የማዳኑ ሥራ የሚሠራው በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሲቀርብ ካርዱን ወደ ኋላ ገልጠን ያለፉትን ሦስት ልኬቶች እንመልከት። ከግቡ በላይ ከሆኑ፣ ዛሬ የምንጽፈው ቃል ሌላ መሆን አለበት።